የምኑ 98 በመቶ ነው?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለናንተ ይሁን። ባለፈው ስለ መንገዶቻችን ቶሎ መበላሸት ያወጣችሁትን ሰፊ ዘገባ አንብቤዋለሁ፣ በርቱ፣ ለአስፋልት ሙሉ ገጽ የሚሰጥ ጋዜጣ ብዙ አላየሁም። ግን አንድ ነገር አላስቻለኝም። ዘገባው መሀል ላይ መንገዱ ርክክብ ሲደረግ ኮምፓክሽኑ (አስፋልቱ የተጠቀጠቀበት መጠን) 98 በመቶ ሆኖ አልፏል ይላል፣ በቃ፣ ከዛ በኋላ ስለሱ የተጠየቀ ነገር የለም፣ ቀጥታ ወደ ሬንጅ ስርቆትና ወደ መኪና ጭነት መብዛት ተገባ። ሁለቱም የሉም አልልም፣ ስርቆትም አለ፣ ጭነትም አለ። እኔ ግን አስፋልት ላብራቶሪ፣ እኛ ላብ የምንለው፣ ውስጥ የምሰራ ሰው ስለሆንኩ 98 በመቶ የሚል ነገር ሳይ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ጥያቄ የምኑ 98 በመቶ የሚለው ነው።

አንባቢ እንዲገባው ቁጥሩ እንዴት እንደሚወለድ ልንገራችሁ። አስፋልቱ ከተነጠፈና በሮለር ከተረገጠ በኋላ በማሽን ተቦርቡሮ ክብ ቁራጭ ይወጣል፣ ኮር እንለዋለን። ኮሩ በአየርና በውሃ ውስጥ ይመዘንና ዴንሲቲው ይታወቃል፣ ማለት አንድ ሊትር ቦታ የያዘው አስፋልት ስንት ኪሎ ይመዝናል ነው ነገሩ። እዚህ ድረስ ችግር የለም። ከዛ ይሄ ቁጥር ለሌላ ቁጥር ይካፈላል፣ የሚካፈልለት ደሞ የዛኑ ቀን ከፕላንት (አስፋልቱ ከሚቀላቀልበት ፋብሪካ) ወይም ከመኪና ላይ ከተወሰደው ትኩስ አስፋልት ላብ ውስጥ በሞልድ (በብረት ቅርጽ ማውጫ) ተደርጎ፣ በመዶሻ ተቀጥቅጦ የተሰራች ትንሽ ሳምፕል ዴንሲቲ ነው። እኛ አገር ብዙ ፕሮጀክት ላይ የሚሰራበት የማርሻል መዶሻ ነው፣ 4.54 ኪሎ የሚመዝን፣ ከ457 ሚሊሜትር ከፍታ የሚወድቅ፣ ለከባድ ትራፊክ መንገድ ከሆነ በእያንዳንዱ ጎን 75 ጊዜ። ስለዚህ 98 በመቶ ማለት መንገዱ የላቧን ሳምፕል 98 በመቶ ያህል ተጠቅጥቋል ማለት ነው እንጂ ከዚህ በላይ ሊጠቀጠቅ ከማይችል ነገር 98 በመቶ ደርሷል ማለት አይደለም። ሳምፕሏ ራሷ በደንብ ካልተቀጠቀጠችስ?

ሂሳቡን እንስራው፣ ከባድ አይደለም። አንድ የአስፋልት ድብልቅ ውስጡ ምንም አየር ባይኖረው በሊትር 2.50 ኪሎ ይመዝናል እንበል፣ ይሄ ከፍተኛው ቲዎሪቲካል ዴንሲቲ የምንለው ነው፣ በቫኪዩም ስለሚለካ የመዶሻ ጣጣ የለበትም። ላቡ ስራውን በስርአቱ ከሰራ ሳምፕሏ 2.40 ትሆናለች፣ 4 በመቶ የአየር ክፍተት አላት ማለት ነው፣ የሚፈለገውም እሱ ነው። መንገዱ የዛ 98 በመቶ ከደረሰ 2.352 ይሆናል፣ ክፍተቱ 5.9 በመቶ ገደማ፣ በጣም ጥሩ። አሁን ደሞ ላቡ ሳምፕሏን በቀዘቀዘ አስፋልት ሰርቷት 2.34 ብቻ ሆነች እንበል። መንገዱ የዚች 98 በመቶ ለመድረስ 2.293 ይበቃዋል፣ ክፍተቱ ግን 8.3 በመቶ ነው። ሁለቱም ሪፖርቶች ላይ የሚጻፈው 98 ነው፣ ሁለቱም ያልፋሉ፣ ሁለቱም ክፍያ ሰርተፊኬት ውስጥ ይገባሉ። እንደውም አስቂኙ ነገር ላቡ በሰነፈ ቁጥር ሮለሩ ጎበዝ መስሎ ይታያል።

5.9 እና 8.3 ምን ልዩነት አላቸው የሚል አይጠፋም። ትልቅ ልዩነት አላቸው። ክፍተቱ ወደ 8 በመቶ አካባቢ ሲደርስና ሲያልፍ ቀዳዳዎቹ እርስ በርሳቸው መገናኘት ይጀምራሉ፣ ክረምት ሲመጣ ውሃ ዘልቆ ይገባል፣ መኪና ሲሄድበት ውሃው በግፊት ሬንጁን ከጠጠሩ ላይ ይልጠዋል፣ አየሩ ደሞ ሬንጁን ውስጥ ለውስጥ ያደርቀዋል ያረጀዋል፣ ከዛ ጠጠሩ አንድ በአንድ ይነቀልና ጉድጓዱ ይጀምራል። በኛ ሙያ ሲጠቀስ የኖረ ግምት አለ፣ ክፍተቱ ከ7 በመቶ ባለፈ በእያንዳንዱ 1 በመቶ መንገዱ ከእድሜው 10 በመቶ ያህል ያጣል ይባላል፣ ግምት ነው፣ እንደ መንገዱ ይለያያል፣ ግን አቅጣጫው እሱ ነው። ህዝቡ ጉድጓዱን ሲያይ ሬንጅ ተሰርቆ ነው ይላል፣ ሬንጁ እኮ ሙሉውን ገብቶ ሊሆን ይችላል።

ሳምፕሏ እንዴት ነው የምትበላሸው ካላችሁ መንገዱ ብዙ ነው፣ እዚህ ጋ ትንሽ ልዘርዝር ምክንያቱም ከላብ ውጭ ያለ ሰው አይቶት አያውቅም። ዋናው ሙቀት ነው። ሬንጅ የሚጠቀጠቅበት ሙቀት በግምት የሚመረጥ አይደለም፣ ሬንጁ ስንት ሙቀት ላይ ምን ያህል እንደሚቀጥን ተለክቶ ነው የሚወሰን፣ 60/70 በሚባለው የሬንጅ አይነት ብዙ ጊዜ 140ዎቹ ዲግሪ ውስጥ ይወድቃል። አሁን አስቡት፣ ናሙናው ከፕላንት ይወሰዳል፣ በባልዲ ወይም በካርቶን ፒካፕ ላይ ይጫናል፣ ላቡ ሌላ ካምፕ ውስጥ ነው፣ ሲደርስ ቀዝቅዟል፣ ኦቨን ውስጥ ይከተትና እንደገና ይሞቃል። እንደገና የሞቀ ሬንጅ የመጀመሪያው ሬንጅ አይደለም፣ ደረቅ ይላል፣ ለመጠቅጠቅ ያስቸግራል፣ ሳምፕሏም ክፍተቷ ከፍ ይላል። ሰአቱ ከሄደ ደሞ የላቡ ልጅ አስፋልቱ በደንብ ሳይሞቅ አውጥቶ ይቀጠቅጠዋል፣ ቴርሞሜትሩ ተሰብሮ ወይ ባትሪው አልቆ ሊሆን ይችላል፣ ሞልዱና የመዶሻው እግርም ቀድመው መሞቅ ሲገባቸው እንደቀዘቀዙ ይገባሉ፣ ጠዋት ደብረ ብርሃን አካባቢ ቀዝቃዛ ብረት ውስጥ ትኩስ አስፋልት ስታፈስ ዳር ዳሩ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

ሁለተኛው የመዶሻው መቀመጫ ነው፣ ይሄን ማንም ከቁም ነገር አይቆጥረውም። በስታንዳርዱ መሰረት ከስር ወፍራም የእንጨት ግንድ አለ፣ ጎኑ 20 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ቁመቱ 46 ሴንቲሜትር ገደማ፣ ከላዩ የብረት ሳህን ተደርጎበት ከጠንካራ ኮንክሪት ጋር በቡሎን ይታሰራል። ካምፕ ውስጥ ላቡ ብዙ ጊዜ ኮንቴይነር ነው ወይ ከመሬት ከፍ ያለ የጣውላ ወለል ያለው ቤት ነው። እዛ ላይ መዶሻውን ስታስቀምጥ ወለሉ ይዘላል፣ ከ75ቱ ምት ግማሹን ጉልበት ወለሉ ይበላዋል ብል ማጋነን ይሆናል ግን የሚበላው ቀላል አይደለም። ደሞ መዶሻው በእጅ ነው ወይስ በሞተር የሚለውም አለ፣ በእጅ የሚመታው ትንሽ ዘመም እያለ ስለሚያርፍ ብዙ ጊዜ ከማሽኑ የተሻለ ይጠቀጥቃል፣ ለዚህ ነው የሞተሩ መዶሻ በእጁ መዶሻ ካሊብሬት መደረግ (ከሱ ጋር ተነጻጽሮ መስተካከል) ያለበት። ስንት ቦታ ይደረጋል? እሱን ለናንተ ለጋዜጠኞች ልተወው። የድንጋዩ መጠንም አለ፣ ተራው ሞልድ ስፋቱ 101.6 ሚሊሜትር ስለሆነ ከ25 ሚሊሜትር በላይ ድንጋይ ያለበት ድብልቅ አይሰራበትም፣ ለሱ ባለ 6 ኢንች ሞልድ፣ 10.2 ኪሎ መዶሻና 112 ምት አለለት፣ አንዳንድ ቦታ ግን ትልልቁን ድንጋይ በእጅ ለቅመው ጥለው በትንሹ ሞልድ ይሰሩታል። ያ ሳምፕል የመንገዱ አይደለም፣ የሌላ ድብልቅ ነው።

መዶሻው ራሱ ከየት መጣ የሚለውን ብታውቁ ነገሩ ይበልጥ ይገባችኋል። ብሩስ ማርሻል የሚባል የሚሲሲፒ መንገድ መስሪያ ቤት ሰው ነው በ1939 እ.ኤ.አ. አካባቢ ያወጣው፣ ከዛ ሁለተኛው የአለም ጦርነት መጣና የአሜሪካ ጦር መሀንዲሶች ለከባድ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ማረፊያ በፍጥነት የሚሰራ፣ በመኪና ተጭኖ የትም የሚሄድ መሳሪያ ሲፈልጉ ይሄን ወሰዱት። ቪክስበርግ ላይ የሙከራ ሜዳ ሰርተው ጎማ እያመላለሱ፣ ሜዳው በጎማ የደረሰበትን ዴንሲቲ ላብ ውስጥ ስንት ምት ያመጣዋል ብለው 50 ምት አሉ፣ የጎማ ግፊት ሲጨምር ደሞ 75 መጣ። ልብ በሉ፣ የምቱ ቁጥር ማለት የዛን ዘመን ጎማ በዛ ሜዳ ላይ ያደረሰውን መጠን መምሰያ ነው። ከጅቡቲ ኮንቴይነር ጭኖ የሚመጣ ተሳቢ፣ ሚሌና አዋሽ ላይ ጸሀይ አስፋልቱን ስታቀልጠው፣ ስንት ምት ነው? 75 ይበቃል ብሎ የነገረን ማነው?

ሌላም አለ፣ መዶሻ የሚመታበትና ሮለር የሚረግጥበት መንገድ አይገናኝም። መዶሻው እንደ ዘነዘና ከላይ ቁልቁል ነው የሚወቅጠው፣ ድንጋዩ ዞር ብሎ ቦታውን የሚፈልግበት እድል የለውም፣ ሹል ሹሉ ይሰበራል። ሮለርና በተለይ የጎማ ሮለር ግን ይጫናል ያሻል፣ ድንጋዩ ተዟዙሮ ተደጋግፎ ይቀመጣል። ስለዚህ የላቧ ሳምፕልና ከመንገዱ የወጣው ኮር ዴንሲቲያቸው እኩል ቢሆን እንኳን የድንጋያቸው አቀማመጥ ይለያያል፣ ሲጫኑ የሚያሳዩት ባህሪም ይለያያል። ማርሻል ስታቢሊቲ (ሳምፕሏ እስክትፈርስ የምትችለው ጭነት) ከፍ አለ ተብሎ ሪፖርት ላይ ሲደመቅበት እኔ ብዙም አይሞቀኝም፣ ስታቢሊቲው ከፍ ብሎ ጎማ የሄደበት ላይ የሰረጎደ አስፋልት ስንቱን አይተናል።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ቁጥጥሩ ነው። ከሱ የባሰው ግን ከመጀመሪያው ሬንጁ ስንት ይሁን ተብሎ ሲወሰን ያለው ነው፣ ሚክስ ዲዛይን የምንለው። እዛ ላይ የተለያየ መጠን ሬንጅ እያደረግን ሳምፕል እንሰራለን፣ 4 በመቶ ክፍተት የሰጠችውን አካባቢ እንመርጣለን። አሁን መዶሻው ደካማ ከሆነ ክፍተቱ አልወርድ ይላል፣ ታዲያ ወደ 4 እንዲወርድ ምን ይደረጋል፣ ሬንጅ ይጨመራል። በግምት ለእያንዳንዱ 1 በመቶ ክፍተት 0.4 በመቶ ሬንጅ ነው፣ ስለዚህ ላቡ በ2 በመቶ ከተሳሳተ 0.8 በመቶ ትርፍ ሬንጅ ገባ ማለት ነው፣ ይሄ በድብልቅ ውስጥ ብዙ ነው። ሬንጁ በውድ ዶላር የሚገባ መሆኑን ደሞ አትርሱት። ከዛ መንገዱ ተነጥፎ ከባድ መኪና ሲገባበት፣ ላቡ ያልሰራውን መጠቅጠቅ ጎማው ይሰራዋል፣ ክፍተቱ 4 ሆኖ አይቆምም፣ 3ን አልፎ 2 ይገባል፣ ሬንጁ የሚሄድበት ቦታ ሲያጣ ወደ ላይ ይወጣል፣ መንገዱ ጥቁር ሆኖ ያብለጨልጫል፣ ጎማ በሄደበት መስመር ይሰረጉዳል፣ ጎንና ጎኑ ደሞ ያብጣል። ይሄ እንግዲህ ሬንጅ ስለተሰረቀ ሳይሆን ሬንጅ ስለበዛ የሞተ መንገድ ነው።

የሚብሰው ዳገት ላይ ነው። ከጎሃ ጽዮን ወደ አባይ ወርዳችሁ ወደ ደጀን ስትወጡ በሁለቱም በኩል ከ1000 ሜትር በላይ ከፍታ ነው፣ ታች ሸለቆው ሞቃት ነው፣ የተጫነ መኪና በአንደኛ በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቀ ነው የሚወጣው። ሬንጅ ደሞ ጸባዩ እንደዛ ነው፣ ቶሎ ስታልፍበት ይጠነክርልሃል፣ ቀስ ብለህ ስትቆምበት ይለሰልሳል፣ ስለዚህ ያው ጭነት ሜዳ ላይ ምንም ያላደረገውን ዳገት ላይ ያፈርሰዋል። (እዛ የመሬት መንሸራተት ራሱን የቻለ ጣጣ ስለሆነ ሁሉንም በአስፋልቱ ማሳበብ አይቻልም፣ ሲሰነጠቅና ሲሰረጉድ ግን የተለያየ ነገር ነው፣ በአይን ይለያል።)

ለዚህ መድሀኒቱ ደሞ ከታወቀ ቆይቷል። የእንግሊዙ የትራንስፖርት ምርምር ላቦራቶሪ ለሞቃት አገሮች ባዘጋጀው ኦቨርሲስ ሮድ ኖት 31 ላይ፣ የ1993 እ.ኤ.አ. እትሙን ነው የምለው፣ እንዲህ አይነት ቦታ ላይ በ75 ምት አትመኑ ይላል። በምትኩ ሳምፕሏ ከዚህ በላይ አልጠቀጠቅም እስክትል ድረስ መጠቅጠቅ ነው፣ ሪፊዩዛል ዴንሲቲ ይባላል። በኤሌክትሪክ የሚንቀጠቀጥ መዶሻ፣ ያው ኮንክሪት የሚሰበርበት አይነቱ፣ እግር ተቀይሮለት 150 ሚሊሜትር ገደማ በሆነ ሞልድ ውስጥ በአንዱ ጎን ሁለት ደቂቃ፣ ተገልብጦ በሌላው ጎን ሁለት ደቂቃ። ከዚህ ሁሉ በኋላም ቢያንስ 3 በመቶ ክፍተት ከቀረላት ድብልቁ ደህና ነው፣ ጎማ እድሜ ልኩን ቢረግጠው ከዛ በታች አያወርደውም። ካልቀረላት ሬንጁን ቀንስ ወይ የድንጋዩን ስብጥር ቀይር። የኛ የዲዛይን ማንዋልም ይሄን ሀሳብ ወስዶታል። መሳሪያው ከአንድ ሲኖትራክ ጎማ ዋጋ ጋር ሲነጻጸር የሚያስፈራ ነገር አይደለም፣ እና ለምን በየዳገቱ ፕሮጀክት ሲሰራ አይታይም? እኔ የማየው ሜዳውም ዳገቱም በአንድ ሚክስ ዲዛይን፣ በአንድ 75 ምት ሲያልፍ ነው።

አንዳንድ ጓደኞቼ መፍትሄው ጃይሬተሪ መግዛት ነው ይላሉ። ጃይሬተሪ ማለት አሜሪካኖች ከ1987 እስከ 1993 እ.ኤ.አ. ባካሄዱት ትልቅ የመንገድ ምርምር ማርሻልን ለመተካት ያመጡት ማሽን ነው፣ አስፋልቱን አይመታውም፣ በ600 ኪሎፓስካል ይጫነውና ሞልዱን 1.25 ዲግሪ አዘንብሎ በደቂቃ 30 ጊዜ ያዞረዋል፣ ያሻዋል ማለት ነው። ጥሩ ማሽን ነው፣ በተለይ የምወድለት በእያንዳንዱ ዙር የሳምፕሏን ቁመት ስለሚጽፍ አስፋልቱ እንዴት እንደተጠቀጠቀ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ታያለህ፣ ማርሻል ግን መጨረሻውን ብቻ ነው የሚነግርህ። ግን እሱም አስማት አይደለም። አሜሪካኖቹ መጀመሪያ ላይ የዙሩን ቁጥር ከፍ አርገው ለከባድ መንገድ 100፣ ለባሰው 125 አሉ፣ ላቡ ከመንገዱ በላይ ጠቀጠቀ፣ ሬንጁ በተቃራኒው አነሰ፣ አስፋልቱ ደረቅ ሆነና ሜዳ ላይ ሮለር አልጠቀጥቅ አለ፣ መሰነጣጠቅ መጣ፣ ከዛ ብዙ ስቴቶች ዙሩን ቀነሱ። ኢንዲያና ደሞ ሌላ ነገር ሞከረ፣ ከፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆነው ላብ ውስጥም 5 በመቶ፣ መንገድ ላይም 5 በመቶ ክፍተት ይሁን አሉ፣ ማለት ትራፊክ መጥቶ ይጨርስልኛል ብሎ መጠበቅ ቀረ። ይሄ ሀሳብ እኔን በጣም ነው የሚገባኝ። ማሽኑ እኛ አገር ቢመጣም ሞልዱ የሚያዘነብልበትን ዲግሪ ካሊብሬት የሚያደርግ ከሌለ ትንሽ ሲዛነፍ ክፍተቱ አብሮ ይዛነፋል፣ ተመልሰን እዛው ነን፣ ልዩነቱ በዶላር የተገዛ መሆኑ ብቻ ነው።

የውሃውን ቴስት ሳልጠቅስ ባልፍ ቅር ይለኛል። ሬንጁ በውሃ ይላጣል ወይ የሚለው ሲፈተን ሳምፕሎቹ 7 በመቶ አካባቢ ክፍተት እንዲኖራቸው ተደርገው ነው መሰራት ያለባቸው፣ ምክንያቱም አዲስ መንገድ ሲከፈት እዛ አካባቢ ነው ያለው፣ ውሃም የሚገባው በዛን ጊዜ ነው። ሳምፕሉን በ75 ምት 4 በመቶ አድርገህ ጠቅጥቀህ ውሃ ውስጥ ብትከተው ውሃው መግቢያ የለውም፣ ያልፋል፣ መንገዱ ግን በመጀመሪያው ክረምት ይላጣል። ያው ድብልቅ፣ ያው ድንጋይ፣ ያው ሬንጅ ነው፣ ስለተጠቀጠቀበት መጠን ብቻ አንዱ አላፊ አንዱ ወዳቂ ይሆናል።

እንግዲህ ጋዜጠኞቻችሁ ቀጣይ ጊዜ መንገድ ሲመረቅ ሄደው 98 በመቶ ሲባሉ ጽፈው እንዳይመጡ። የኮሩ የአየር ክፍተት ከከፍተኛው ቲዎሪቲካል ዴንሲቲ አንጻር ስንት ነው ብለው ይጠይቁ፣ ከ92 እስከ 94 በመቶ ያህሉ ተሞልቷል ከተባሉ ጤነኛ መልስ ነው፣ ይሄ ቁጥር በመዶሻው ስንፍና አይሸወድም። የዛን ቀን የላቧ ሳምፕል ክፍተትስ ስንት ነበር፣ ዲዛይኑ ላይ ከተጻፈው ጋር ይገናኛል ወይ ይበሉ። ዳገቱ በሪፊዩዛል ተፈትኗል ወይ ይበሉ። ኮንሰልታንቱ (ስራውን የሚቆጣጠረው አማካሪ) እነዚህ ቁጥሮች ፋይሉ ውስጥ አሉት፣ ሚስጥር አይደሉም፣ ጠያቂ ስለሌለ ነው የማይወጡት። ኮሩ ከየት እንደወጣም ይጠየቅ፣ ብዙ ጊዜ የሚወጣው ከመስመሩ መሀል ነው፣ ሮለሩ ደጋግሞ ከረገጠው ቦታ፣ ሁለቱ ንጣፎች የሚገናኙበት ጆይንት ላይ ግን ማንም ኮር አያወጣም፣ መሰንጠቅ የሚጀምረው ደሞ ከዛ ነው፣ ስለሱ ካተማችሁልኝ ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ።

አንባቢያችሁ፣ የአስፋልት ላብ ሰራተኛ
አዳማ